ሃይብሪድዎ በጋሎን ስንት ማይል ይሄዳል? በትክክል ለክቶ የጎደለውን ማስመለሻ

«መኪናውን ስገዛ በጋሎን 50 ማይል ይሄዳል ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን ከ42 አላልፍም። ባትሪው አልቆ ይሆን?» በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሃይብሪድ (በቤንዚን ሞተርና በባትሪ ኃይል በሚሄድ መኪና) ሰው የሚያመላልሱ ሾፌሮች ይህን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ይጠይቃሉ፤ ብርድ ሲገባማ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ አሠራሩን ከነምክንያቱ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ባትሪውን ከመጠርጠርዎ በፊት ያ 42 ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ዳሽቦርዱ ያሳየዎት ነው ወይስ ከነዳጅ ማደያ ደረሰኝ ያወጡት? በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት መንገድ የተነዳ ነው? ያው መኪናና ያው ሾፌር በሜይ ወር በከተማ መንገድ 55 አግኝቶ በጃንዋሪ ጠዋት በአጭር መንገድ 35 ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለቱም ጊዜ መኪናው ጤነኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ በየሁኔታው መለየት፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከል። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት ደህና የነበረ ባትሪ አስቀይረው ያው ቁጥር ላይ ይቆማሉ።

የገንዘቡን መጠን ለማየት፦ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሰው በጋሎን 50 ማይል ሲሄድ 800 ጋሎን ይፈጃል፤ በጋሎን 42 ሲሄድ 952። ልዩነቱ 152 ጋሎን ነው። ባሉበት ሰፈር ዋጋ ያባዙት።

ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በታክሲና በራይድ ሥራ ብዙ ከሚታየው ከሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ (እ.ኤ.አ. 2010–2015) ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢፒኤ) ለዚህ መኪና የሰጠው ቁጥር በከተማ 51፣ በሃይዌይ 48፣ ሁለቱ ተጣምረው 50 ነው። አሠራሩ ለካምሪ፣ ለኮሮላ፣ ለሌሎችም ሃይብሪዶች ያው ነው። በሶኬት ለሚሞላ ሃይብሪድ ግን ከግድግዳ የተወሰደው ኤሌክትሪክም መቆጠር ስላለበት ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ፣ ካልኩሌተር
- የነዳጅ ደረሰኝ፣ ጋሎኑ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ያለው
- ዲጂታል የጎማ ንፋስ መለኪያ (ማደያው ፓምፕ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል)
- የመኪናው ትሪፕ ኤ እና ትሪፕ ቢ (ዜሮ ማድረግ የሚቻሉት ሁለቱ የጉዞ ማይል ቆጣሪዎች)
- የእጅ ባትሪና ቀጭን አፍ ያለው የቫኪዩም ማጽጃ
- ግዴታ ባይሆንም፣ መኪናው ላይ ተሰክቶ የሞተሩን ውሃ ሙቀት በስልክ የሚያሳይ የኦቢዲ ማንበቢያ
- ሦስት ሙሉ ታንክ የሚፈጅ ጊዜ

ማስጠንቀቂያ

የ«ሬዲ» መብራት (መኪናው ለመሄድ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው) በርቶ መኪናውን በዝግ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይተዉ። ሞተሩ ዝም ስላለ የጠፋ ይመስላል፤ ባትሪው ዝቅ ሲል ግን ራሱ ይነሳል፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ከጋራዥ በላይ የሚተኛ ቤተሰብ ካለ ይህን ሁለት ጊዜ ያስቡበት።

ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ አይንኩ፣ አይፍቱ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው እሱ ነው። እየነዱ ቁጥር አይጻፉ። ነፋስ ለመከለል ብለው ከትልልቅ የጭነት መኪና ጀርባ አይጠጉ፤ የሚተርፈው ነዳጅ የፍሬን ርቀትዎን ከማጣት ጋር አይመጣጠንም።

ክፍል አንድ፦ መለካት

1. የጎማውን ንፋስ በቀዝቃዛው ይለኩ። ቀዝቃዛ ማለት መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመበት ወይም ከአንድ ማይል በታች የተነዳበት ነው። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ዓምድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ በ2010–2015 ፕሪየስ ከ15 ኢንች ጎማ ጋር ከፊት 35፣ ከኋላ 33 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። አየሩ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማው ንፋስ ወደ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። በሴፕቴምበር 75 ዲግሪ ላይ የተሞላ ጎማ በጃንዋሪ 25 ዲግሪ ላይ 5 ፒኤስአይ ጎድሎት ይገኛል፤ ማንም ሳይነካው። ይህን ሳያስተካክሉ መለካት ከጀመሩ የሚለኩት መኪናውን ሳይሆን የጎማውን ጉድለት ነው።

2. ማይል ቆጣሪውን ይፈትሹ። በ66 ወይም በ95 ሃይዌይ ዳር የማይል ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች አሉ። አንዱ ሰሌዳ ጋ ሲደርሱ ተሳፋሪ ወይም ጓደኛ ትሪፕ ቢን ዜሮ ያድርግ፤ ከ20 ማይል በኋላ ያንብብ። 20.4 ካለ ቆጣሪው 2 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚያነቡትን ማይል ሁሉ በ0.98 ያባዙ። ይህ የሚሆነው ጎማ ሲያልቅ ዙሪያው ስለሚያንስ ነው፤ የሚሽከረከረው ከእውነተኛው ርቀት በላይ ይሆናል። አዲስ ጎማ ያስገቡ ሰዎች «ነዳጅ መብላት ጀመረ» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አሮጌው ጎማ ሲያጋንን የነበረውን ማይል አዲሱ እውነቱን ይናገራል።

3. ታንኩን ይሙሉ፤ ፓምፑ መጀመሪያ ጠቅ ብሎ ሲያቆም እርስዎም ያቁሙ። እጀታውን ዝግ ብሎ በሚፈስበት እርከን ላይ ያድርጉት። ማደያው፣ የፓምፑ ቁጥር፣ መኪናው የሚዞርበት አቅጣጫ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። መሬቱ ትንሽ ካዘነበለ ወይም ሌላኛው ፓምፕ ቀድሞ የሚያቆም ከሆነ የሚገባው ነዳጅ በ0.3 ጋሎን ሊለያይ ይችላል። ከጠቅታው በኋላ «ዶላሩን ላሟላ» ብሎ መጨመር ልኬቱን ያበላሻል፤ ከዚያም በላይ የነዳጁን ተን የሚይዘውን የከሰል ማጣሪያ በፈሳሽ ሊያጥለቀልቀው ይችላል፤ ማስቀየሩ ርካሽ አይደለም።

በአሜሪካ የተሸጠ 2004–2009 ፕሪየስ ከሆነ በታንኩ ውስጥ የሚለጠጥ ከረጢት አለው። በብርድ ከረጢቱ ስለሚደድር የሚይዘው ነዳጅ ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። ለእነዚህ መኪናዎች ሦስት ታንክ አይበቃም፤ ስድስት ያድርጉት።

4. ትሪፕ ኤን ዜሮ ያድርጉ፤ የዳሽቦርዱን አማካይም አብረው ዜሮ ያድርጉ። ኦዶሜትሩንም (መኪናው እስከ ዛሬ የሄደውን ጠቅላላ ማይል) ይጻፉ፤ ትሪፑን በስህተት ቢያጠፉት ሥራዎ አይበላሽም።

5. እንደ ወትሮው ይንዱ። በዚህ ደረጃ ምንም አያሻሽሉ። ለመቆጠብ እየተጨነቁ ከነዱ መነሻ ቁጥርዎ ውሸት ይሆናል፤ በኋላ የሚያደርጉት ማስተካከያ ለውጥ ያመጣ አያመጣ ማወቂያ አይኖርዎትም። በየቀኑ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ፦ የጠዋቱ ሙቀት፣ ከተማ የበዛ ወይስ ሃይዌይ፣ ሂተር ወይስ ኤሲ።

6. የነዳጅ ማሳያው ወደ ሩብ ሲወርድ መልሰው ይሙሉ። ሊያልቅ እስኪል አይጠብቁ፤ ነዳጅ ያለቀበት ሃይብሪድ በባትሪው ብቻ ሲጎተት ባትሪውን ከሚፈቀደው በታች ሊያወርደው ይችላል። ከሞሉ በኋላ ያካፍሉ፦

412.6 ማይል ÷ 8.74 ጋሎን = በጋሎን 47.2 ማይል

በሊትር ማሰብ ለሚቀልዎት 235.2ን ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ፦ 235.2 ÷ 47.2 = በ100 ኪሎሜትር 5 ሊትር ገደማ።

7. ሦስት ታንክ ይድገሙ፤ ከዚያ ማይሉን ለብቻ፣ ጋሎኑን ለብቻ ደምረው አንድ ጊዜ ያካፍሉ። 0.3 ጋሎን የአሞላል ስህተት በአንድ ታንክ ላይ ከ3 በመቶ በላይ ያዛባል። ሦስት ታንክ ሲደመር ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው አሞላል ብቻ ስለሚቆጠሩ (በመሃል አንዱ የጎደለውን ቀጣዩ ያሟላዋል) ያው ስህተት ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ታንክ ላይ ተመሥርቶ «በ2 ማይል ወረደብኝ» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

8. የዳሽቦርዱን ማስተካከያ ያውጡ። በብዙ ፕሪየሶች ላይ ዳሽቦርዱ ከእውነቱ ጥቂት በመቶ ከፍ አድርጎ ያሳያል። በምሳሌያችን ደረሰኙ 47.2 ሲል ዳሽቦርዱ 49.6 ካሳየ፣ 47.2 ÷ 49.6 = 0.95። ይህ 0.95 የመኪናዎ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉት። ከዚህ በኋላ ዳሽቦርዱ ባሳየው ቁጥር ላይ ሲያባዙት ታንክ ሳይሞሉ አጭር ጉዞ መለካት ይችላሉ።

9. ሁኔታዎቹን ለየብቻ ይለኩ። ቢያንስ እነዚህን አራት፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የከተማ መንገድ፤ ሃይዌይ በሰዓት በ60 ማይል፤ ሃይዌይ በሰዓት በ75 ማይል (ሕጉ በሚፈቅድበት ብቻ፤ አብዛኛው የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ 55 ነው፣ ስለዚህ ለሙከራው በ55ና በ65 ቢያደርጉትም ልዩነቱ ይታያል)፤ ከቀዝቃዛ ሞተር የሚጀምር የ4 ማይል ጉዞ። ለሃይዌዩ በአንድ አቅጣጫ 20 ማይል ሄደው በዚያው መንገድ ይመለሱ፤ ነፋስና አቀበት የሚካካሱት እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። የሁለቱን አቅጣጫዎች ፍጆታ አንድ ላይ ይቁጠሩት።

በዚህ እርምጃ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር የባትሪውን ደረጃ ነው። ፈተናው ሲጀምርና ሲያልቅ በማሳያው ላይ ያሉት የባትሪ መስመሮች እኩል መሆን አለባቸው። ምክንያቱ በቁጥር ይህ ነው፦ የፕሪየሱ ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በመደበኛ አነዳድ ከላይ እስከ ታች የሚወጣ የሚወርደው 0.4 ገደማ ነው እንበል። አንድ ጋሎን ቤንዚን 33.7 ኪሎዋት ሰዓት አለው፤ ሞተሩ ከዚያ ሲሶውን ያህል ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው። ስለዚህ ከባትሪው የወጣው 0.4 ወደ 0.035 ጋሎን ይተካል። በ5 ማይል ጉዞ መኪናው በጠቅላላ የሚፈጀው 0.1 ጋሎን ስለሆነ ውጤቱ በሲሶ ይዛባል። በ40 ማይል ደርሶ መልስ ግን 4 በመቶ፣ በሙሉ ታንክ ደግሞ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። «ዛሬ 78 አገኘሁ» የሚሉት አጭር ጉዞዎች አብዛኛውን ጊዜ ትናንት ከተቃጠለ ነዳጅ የተበደሩ ናቸው።

ክፍል ሁለት፦ ቁጥሩ ለምን ተለዋወጠ?

ብርድ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። ሃይብሪድ ነዳጅ የሚቆጥበው በዋነኛነት ሞተሩን በማጥፋት ነው፦ ቀይ መብራት ላይ፣ በቀስታ ሲሄድ፣ ሲያቆም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን መጀመሪያ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጽጃውን) ለማሞቅ ይነሳል፤ መኪናው ቢቆምም አይጠፋም። የሞተሩ ውሃ 104 ዲግሪ ፋራናይት (40 ሴልሺየስ) አካባቢ እስኪደርስ ብዙም አይጠፋም፤ ሙሉ በሙሉ እንደልቡ የሚጠፋው ወደ 158 ዲግሪ (70 ሴልሺየስ) ሲጠጋ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ፍጆታ መረጃ እንደሚለው በ20 ዲግሪ ፋራናይት የከተማ ጉዞ ላይ ተራ ቤንዚን መኪና ከ77 ዲግሪው ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሃይብሪድ ግን ከ30 እስከ 34 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በከተማ 51 የሚሄድ መኪና ከ34 እስከ 36 ያሳያል ማለት ነው፤ አንድም ብልሽት ሳይኖር።

በላዩ ላይ ሂተር አለ። የሂተሩ ሙቀት የሚመጣው ከሞተሩ ውሃ ስለሆነ፣ በኤርፖርት መጠበቂያ ቦታ ሂተር ከፍተው ሲቀመጡ ሞተሩ ውሃውን ለማሞቅ ብቻ እየተነሳ ይጠፋል። የሚቃጠለው ነዳጅ አለ፤ የሚቆጠር ማይል ግን የለም። በክረምት ራይድ የሚሠራ ሰው ከሌላው ሰው በታች የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በመጠበቅ ላይ በሚያልፈው ሰዓት ነው።

ፍጥነት። አየር መኪናውን የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት ከ60 ወደ 75 ማይል ሲወጡ የአየሩ ግፊት በ56 በመቶ ይጨምራል። ተራ መኪና በከተማ መቆም መነሳት ብዙ ስለሚያባክን በሃይዌይ ይሻለዋል፤ ሃይብሪድ ግን በከተማ የሚያተርፈው በፍሬን መልሶ የሚሰበስበውን ኃይል ስለሆነ በሃይዌይ ላይ የሚሰበስበው ነገር የለውም። ሞተሩ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ የሚቀረው ጥቅም የሞተሩ ቆጣቢነትና የመኪናው ቅርጽ ብቻ ነው። በ20 ማይል ጉዞ ላይ በ75 መሄድ ከ60 የሚያተርፈው 4 ደቂቃ ነው።

ሙቀት። ከ2004 ወዲህ ያሉ ፕሪየሶች የኤሲ ኮምፕሬሰር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሞተሩ ጠፍቶም ይቀዘቅዛሉ። ኃይሉ ግን ከባትሪው ይወጣል፤ ባትሪውን የሚሞላው ደግሞ ነዳጅ ነው። ኤሲውን ዘግቶ መሠቃየትም መፍትሔ አይደለም፦ የሃይብሪዱ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከውስጥ በሚስበው አየር ነው። ውስጡ ከጋለ ባትሪውም ይግላል፤ ሲግል ሥርዓቱ የሚሰጠውንና የሚቀበለውን ኃይል ይገድባል፤ ያኔ ሞተሩ ብዙ ይሠራል።

አቀበትና ቁልቁለት። አጭር ኮረብታ ብዙ አይጎዳም፤ ሲወርዱ ከፊሉ ይመለሳል። በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ እንደሚያልፈው እንደ ስካይላይን ድራይቭ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ባትሪው ቶሎ ይሞላና የሚመለስ ኃይል ማስቀመጫ ያጣል። ያኔ «ቢ» ማርሽ ያስገቡ፤ ፍሬኑ እንዳይግል ሞተሩ ይይዘዋል። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ወደ «ዲ» ይመልሱ።

ዝናብና በረዶም ይቀንሳሉ፤ ጎማው ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ ነው። የክረምት ቤንዚንም ከበጋው ትንሽ ያነሰ ኃይል አለው። እነዚህን መቀየር አይቻልም፤ ደብተሩ ላይ ብቻ ይመዝግቧቸው።

ክፍል ሦስት፦ የጎደለውን ማስመለስ

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከዚያ እንደገና ይለኩ። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው።

10. ንፋሱን በወር አንድ ጊዜ ያስተካክሉ። አራቱም ጎማ በአማካይ 1 ፒኤስአይ ሲጎድል ፍጆታው 0.2 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 5 ቢጎድል 1 በመቶ። ትንሽ ነው፤ ነጻ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ይሠራል፤ ጎማውንም ያቆየዋል። ከተለጠፈው ልክ 2 ወይም 3 በላይ መሙላት ብዙዎች ያደርጋሉ፤ ከዚያ አልፎ በጎማው ጎን የተጻፈው ከፍተኛ ልክ ድረስ መሙላት ግን በእርጥብ መንገድ መያዣውን ይቀንሳል፤ መሃሉንም ቶሎ ይበላዋል።

11. ጣሪያ ላይ ያለውን ዕቃ መጫኛ ያውርዱ። ትልቅ የጣሪያ ሳጥን በከተማ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በፈጣን ሃይዌይ ከ10 እስከ 25 በመቶ ይበላል። ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለ 100 ፓውንድ ግን 1 በመቶ ብቻ ነው፤ ለአንድ ካርቶን ውሃ አይጨነቁ።

12. የባትሪውን አየር መሳቢያ ያጽዱ። በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ከኋላ ወንበር አጠገብ፣ በተሳፋሪው በኩል ያለው ወንፊት ነው፤ በአንዳንድ ሌሎች ሞዴሎች ከኋላ ወንበር ሥር ይገኛል። በቫኪዩም ይሳቡት፤ ማጣሪያ ካለው አውጥተው ያራግፉ። ሰው የሚያመላልሱ ከሆነ በየ3 ወሩ ያድርጉት፤ የኮት ጥጥና የውሻ ፀጉር ቶሎ ይደፍነዋል። ተሳፋሪ ሻንጣ ወይም ጃኬት እንዳይደግፍበትም ይመልከቱ።

13. የዘይቱን መጠን በዲፕስቲክ ያረጋግጡ። ይህ ሞተር ከማጣሪያው ጋር 4.4 ኳርት፣ 0ደብሊው-20 ዘይት ነው የሚወስደው። ፈጣን ዘይት ቀያሪዎች 5 ኳርት አንድ ጠርሙስ ሙሉ ሲጨምሩ ይታያል። የበዛ ዘይት ሲሽከረከር የሚፈጥረው መጎተት ነዳጅ ይበላል። ወፍራም ዘይትም እንዲሁ፤ በተለይ በብርድ። ለሌላ ሞዴል የሚበቃው መጠን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ።

14. ፍሬን ይዞ የቀረ ጎማ እንዳለ ይፈትሹ። ፍሬን ብዙ ሳይነኩ 10 ማይል ያህል ነድተው ይቁሙ፤ በሌዘር ሙቀት መለኪያ አራቱንም ዲስክ ወይም ከበሮ ይለኩ። አንዱ ከአቻው በብዙ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም። በእጅዎ አይንኩት፤ ያቃጥላል። ሃይብሪድ የግጭት ፍሬኑን ጥቂት ስለሚጠቀም ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) በጨውና በዝገት መያዝ ይቀናዋል፤ በየዓመቱ ማስጸዳት ተገቢ ነው።

15. አነዳድዎን ያስተካክሉ። ከመካኒክ ይልቅ ብዙ የሚመልሰው ይህ ነው፦

ሲነሱ የኃይል ማሳያውን መስመር ከ«ኢኮ» መሃል ትንሽ አሳልፈው ወደ «ፓወር» ሳይገባ ይያዙት። እንደ ኤሊ መነሳት አይጠቅምም፤ ሞተሩ በመጠኑ ሲጫን ነው ቆጣቢ የሚሆነው፤ እየጎተተ ሲንፏቀቅ ረጅም ጊዜ ይሠራል።

የሚፈልጉት ፍጥነት ሲደርሱ እግርዎን አንድ ጊዜ ያንሱና መልሰው በስሱ ያሳርፉ። ሦስተኛው ትውልድ ፍጥነቱ በሰዓት ከ45 ማይል ገደማ በታች ሲሆን ሞተሩ ይጠፋል፤ መኪናው በራሱ ግፊት ይንሸራተታል። በኮሎምቢያ ፓይክ ወይም በጆርጂያ አቬኑ ዓይነት መንገድ ላይ ይህች አንድ እንቅስቃሴ ብዙ ታተርፋለች።

ቀይ መብራት ከሩቅ ካዩ ቶሎ እግርዎን ያንሱ፤ ፍሬኑን ረጅምና ለስላሳ አድርገው ይያዙ። ጠንክረው ሲረግጡ ትርፉን ኃይል የሚወስደው የግጭት ፍሬኑ ነው፤ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ7 ማይል ገደማ በታች ሲሆንም ሥራው ለግጭት ፍሬኑ ይተላለፋል። ፍሬን ተረግጦ ከሚመለሰው ይልቅ መጀመሪያውኑ ሳይረገጥ የቀረው ይበልጣል።

ሃይዌይ ላይ ክሩዝ ኮንትሮል በሜዳ ይጠቀሙ፤ ኮረብታ በበዛበት በእግርዎ ይንዱና አቀበቱ ላይ 3 ወይም 4 ማይል እንዲወርድ ይፍቀዱ።

16. ለክረምትና ለበጋ የተለየ ልማድ ይያዙ። በክረምት ሞተሩን ካስነሱ በኋላ መስታወቱ ጠርቶ በደንብ እስኪያዩ ብቻ ይጠብቁ፤ ከዚያ በዝግታ ይንዱ። አሥር ደቂቃ ቆሞ ማሞቅ ዜሮ ማይል ነው። አጫጭር ጉዳዮችን አያይዘው ይጨርሱ፤ ሞተሩ ሳይበርድ ሁለተኛው ጉዞ በሞቀ ሞተር ይሄዳል። ሲጠብቁ ሂተሩን ወደ 66 ወይም 68 ዝቅ ያድርጉ፣ ማራገቢያውን ይቀንሱ፣ ኢኮ ሞድን (የቁጠባ አነዳድን) ያብሩ፤ የወንበር ማሞቂያ ካለ እሱ በጣም ጥቂት ኃይል ይበቃዋል። በበጋ መጀመሪያ መስኮቶቹን ለአንድ ደቂቃ ከፍተው የታመቀውን ሙቀት ያስወጡ፤ ከዚያ ዘግተው ኤሲውን በውስጥ አየር ያሽከርክሩ።

የራዲያተሩን ወንፊት በብርድ ጊዜ በስፖንጅ በከፊል መሸፈን ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል፤ የሞተሩን ውሃና የኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ የሚቀይረውን ዕቃ) ሙቀት በኦቢዲ ለማያይ ሰው ግን አይመከርም። በሙቅ ቀን ረስተው ከተዉት የሚጠፋው ከነዳጁ እጅግ ይበልጣል።

የተለመዱ ስህተቶች

መብራት ላይ «ኤን» (ኒውትራል) ማስገባት። በኤን ላይ ባትሪው አይሞላም፤ ኤሲና መብራት ግን መውሰዱን ይቀጥላሉ። በ«ዲ» ላይ ፍሬን ይዘው ይቁሙ።

በባትሪ ብቻ የሚያስኬደውን «ኢቪ» ቁልፍ እየተጫኑ መሄድ። ያ ኃይል ከየትም አልመጣም፤ ሞተሩ ቆይቶ ይሞላዋል፤ በመሙላትና በማውጣት መሃል የሚባክን አለ። ቁልፉ የሚጠቅመው መኪናውን ከጋራዥ ወደ በራፍ ለማንቀሳቀስ ነው።

«ቢ» ላይ አድርጎ ከተማ ውስጥ መንዳት። ብዙ ኃይል የሚሰበስብ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሞተሩን በከንቱ ያሽከረክራል።

የአማካዮችን አማካይ መውሰድ። 3 ጋሎን በ36፣ 9 ጋሎን በ50 ከነዱ አማካዩ 43 አይደለም፤ 558 ማይል ÷ 12 ጋሎን = 46.5 ነው።

ውድ ቤንዚን መሙላት። መኪናው የተሠራው ለ87 ኦክቴን ቤንዚን ነው፤ ባለ93ው ማይል አይጨምርለትም።

የሞተሩን አየር ማጣሪያ ተስፋ ማድረግ። በዘመናዊ ሞተር የቆሸሸ ማጣሪያ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታውን ብዙ አይለውጥም፤ በጊዜው ይቀየር።

ጎማ ሲቀይሩ የተገኘውን መግዛት። ሲሽከረከር ጥቂት የሚጎተት ተብሎ የተሠራ ጎማ ይጠይቁ፤ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው 2 ወይም 3 ማይል የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ባለ17 ኢንች መኪና ያለው ጓደኛዎን ቁጥር ከባለ15 ኢንችዎ ጋር አያወዳድሩ።

መካኒክ ጋ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የዚህን ወር ሦስት ታንክ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያወዳድሩ፤ ካለፈው ወር ጋር አይደለም። ንፋሱ ተስተካክሎ፣ ሥራው ሳይቀየር፣ ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ የሆነ ነገር አለ። በኦቢዲው ይመልከቱ፦ 15 ደቂቃ ነድተው የሞተሩ ውሃ ከ160 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከቀረ ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ዝውውር የሚቆጣጠረው ክዳን) ተከፍቶ ቀርቷል፤ ርካሽ ዕቃ ነው፤ በኦቢዲው የሚታየው የብልሽት ኮድ ፒ0128 ሊሆን ይችላል። ባትሪው ራሱ ሲደክም ምልክቱ ይለያል፦ መስመሮቹ በጥቂት ደቂቃ ከሞላ ጎደል ይሞላሉ፣ በጥቂት ደቂቃ ወደ ታች ይወድቃሉ፤ የባትሪው ማራገቢያ ከኋላ በኩል በኃይል ይጮኻል፤ ቆመው ሳሉ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል።

ሲሄዱ ደብተሩን ይውሰዱ። መካኒኩ የእያንዳንዱን የባትሪ ክፍል ቮልቴጅ በጭነት ላይ እንዲያነብልዎት ይጠይቁ፤ ከሌሎቹ የሚለይ ክፍል ሳያሳይዎት «ባትሪው ይቀየር» ካለ ሌላ ቦታ ያስመርምሩ።